ከስድስቱ የትኞቹ መደርደሪያው ላይ ይቅሩ? የድሮ የቤት ኮምፒውተሮች ከስምንት ወር የደብረ ብርሃን አገልግሎት በኋላ

ከግንቦት እስከ ጥር በየሳምንቱ እየተከፈቱ የሠሩት ስድስት ናቸው፦ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም 48፣ ሁለት ኮሞዶር 64 (አንዱ ለአውሮፓ፣ አንዱ ለአሜሪካ የተሠራ)፣ ቢቢሲ ማይክሮ ሞዴል ቢ፣ አምስትራድ ሲፒሲ 464 ከአረንጓዴ ስክሪኑ ጋር፣ እና አሚጋ 500። መደርደሪያው የሚይዘው አራት ነው።

ዝናን መለኪያ ያደረገ ሰው አሚጋን ያስቀራል፣ ስፔክትረምን ይሸኛል። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። የእኛ ሚዛን ሦስት ጥያቄ ነው፤ በዚህ መብራትና በዚህ ብርድ ይኖራል ወይ? ሲበላሽ በቴስተርና በመበየጃ ካውያ ይጠገናል ወይ? ሀ ሁ ሂ ያጽፋል ወይ? ሦስተኛው ለብዙ ሰብሳቢ ቀልድ ይመስለዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ኤ ቢ ሲ ብቻ የሚያሳይ ስብስብ መያዝ ግን ለእኛ ግማሽ ስብስብ ነው።

መብራቱ

መብራት ሲሄድ ለእነዚህ ማሽኖች ችግር የለውም፤ አደጋው ሲመለስ ነው። በሄደ ቅጽበት ማብሪያቸውን ማጥፋት፣ ገመዳቸውን ከዲቫይደሩ መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ አምስት ደቂቃ መታገስ ነው። ከእንግሊዝ የመጣ ማሽን ለ240 ቮልት 50 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ያለ ሐሳብ ይሠራል። ባለሦስት ጥርሱ የእንግሊዝ ሶኬት ውስጥ ግን ፊውዝ አለ። ቆርጦ በሌላ መተካት ፊውዙን አብሮ መጣል ስለሆነ አዳፕተር መጠቀሙ ይሻላል።

መጀመሪያ የተሰናበተው የአሜሪካው ኮሞዶር ነው። ኃይል ሰጪው ለ117 ቮልት 60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ከገበያ የሚገዛው ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ 50 ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተጠመጠመ ብረት በ50 ሲሠራ ደግሞ ከልኩ በላይ ይሞቃል። አንድ ቀን አንድ ሰው ማውረጃውን ረስቶ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ቢሰካውስ? በዚያ ላይ ምስሉን በ262 ወይም በ263 መስመር ይሥላል፣ የአውሮፓው በ312። ለአውሮፓው ተቆጥረው የተጻፉ ፕሮግራሞች የአሜሪካው ላይ ይንገዳገዳሉ።

ይሁንና አይጣልም። ፕሮሰሰሩ (6510)፣ የድምፅ ቺፑ (6581)፣ ሁለቱ 6526፣ ሜሞሪውና ፒኤልኤ የሚባለው ቺፕ ሁሉ ለአውሮፓው ልክ ይሆናሉ። የማይለወጠው የምስል ቺፑ ብቻ ነው፤ የአሜሪካው 6567፣ የአውሮፓው 6569 ነው። ስለዚህ ከመደርደሪያው ወርዶ የመለዋወጫ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ካለን ዕቃ ሁሉ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠውም እዚያ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሞዶር 64፣ የአውሮፓው፦ መደርደሪያው ላይ ይቀራል፣ ያለ ኃይል ሰጪው

ይህን ማሽን የሚገድለው የራሱ ኃይል ሰጪ ነው። ጥቁሩ ሣጥን ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ አይከፈትም፣ ሙቀቱም አይወጣለትም። ሬጉሌተሩ (ቮልቱን በልኩ የሚይዘው ክፍል) ሲያረጅ 5 ቮልቱ ይወርዳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ እሱ ግን ይወጣል። ከ5.25 ሲያልፍ ሜሞሪዎቹ መቃጠል ይጀምራሉ።

አለካኩ ይህ ነው። ኃይል ሰጪውን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ብቻ መሰካት፤ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጎ ጥቁሩን ዘንግ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው መሰኪያ እግር 2 ላይ፣ ቀዩን እግር 5 ላይ ማሳረፍ። ከ5.0 እስከ 5.2 ቢያነብ ለዛሬ ደህና ነው፤ ለነገ ዋስትና አይሆንም። እግር 6 እና 7 መካከል ደግሞ ቴስተሩ ኤሲ ላይ ሆኖ 9 ቮልት አካባቢ ይገኛል። ያለ ጭነት ስለሚለካ ትንሽ ቢበልጥ አያስደነግጥም።

ዘላቂው መፍትሔ ሬጉሌተሩን መጠገን አይደለም። አስተማማኝ ባለ 5 ቮልት ከ2 እስከ 3 አምፔር ስዊቺንግ አዳፕተር፣ ከ9 ቮልት ኤሲ 1 አምፔር ትራንስፎርመር ጋር በአንድ ሣጥን ይገጠማል፤ የአሮጌው ገመድና መሰኪያ ተቆርጦ ይወሰዳል። 9 ቮልቱ የግድ ኤሲ መሆን አለበት፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእሱ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም አሮጌው ኃይል ሰጪ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ስዊቺንጉ ግን አይሰማውም።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ለአንድ ደቂቃ አብርቶ ቺፖቹን በጣት መንካት። ስምንቱ 4164 ሜሞሪዎች ለብ ማለት ነው ያለባቸው፤ አንዱ ጣት ካቃጠለ ሟቹ እሱ ነው። ፒኤልኤው በተፈጥሮው ስለሚሞቅ በመንካት አይታወቅም፤ ከመለዋወጫው ካርቶን ቀይሮ መሞከር ነው።

ስለ ሙቀት ካነሳን፦ ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሽኑ አይሞቅም የሚሉ አሉ። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። የክፍሉ ቴርሞሜትር 15 ዲግሪ እያሳየም ቺፑ ይፋጃል። ስለዚህ ሙቀት ማብረጃ ክንፍ በ6581፣ በፒኤልኤውና በምስል ቺፑ ላይ ይለጠፍ። ሸዋ ሮቢት ለሚያስቀምጥ ሰው አየሩ የተሻለ ወፍራም ቢሆንም ክፍሉ ራሱ ትኩስ ነው፤ እዚያ ያለ ክንፍ ማብራት ራሱ አይታሰብም።

ስፔክትረም 48፦ ይቀራል

በ1982 እ.ኤ.አ. ከወጡት ርካሾቹ አንዱ ነበር፣ የላስቲክ ቁልፎቹም ሲነኩ ደስ አይሉም። ያም ሆኖ መብራት በሌለበት የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። 9 ቮልት ዲሲ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከ12 ቮልት የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ በማውረጃ ሞጁል ወደ 9 ቮልት (ቢያንስ 1.5 አምፔር) አውርዶ መስጠት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አዳፕተሮች ደግሞ መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። ሳይለኩ መሰካት ማለት ቦርዱን መቅበር ማለት ነው።

ፕሮግራሙ በካሴት ፋንታ ከስልክ በድምፅ ይጫናል። ፋይሉ ወደ ዌቭ ይቀየር እንጂ ኤምፒ3 አይሁን፣ ድምፁ እስከ ጥግ ይከፈት፣ ስልኩ የበረራ ሞድ ላይ ይሁን፤ አንድ የመልእክት ጥሪ ጭነቱን ያበላሻል። ሙሉ 48 ኪሎባይት ለመግባት ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። መብራት የመሄድ ልማዱ ደግሞ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ ባትሪው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሚበላሸው ምኑ ነው? አንደኛ የቁልፎቹ ሽፋን። ወደ ቦርዱ የሚገቡት ሁለት ቀጫጭን ጥብጣቦች ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ ክዳኑን ሲከፍቱ በኃይል ከተሳቡ ያከትማል። አዲስ ሽፋን ይሸጣል፣ ትርፍ መያዝ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ውስጣዊው ቮልት ማመንጫ ነው። የታችኛው 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ስምንት 4116 ቺፖች ሲሆኑ ሦስት ዓይነት ቮልት ይፈልጋሉ፦ እግር 1 ላይ −5፣ እግር 8 ላይ +12፣ እግር 9 ላይ +5፤ ምድሩ እግር 16 ነው። ቲአር4 የሚባለው ትራንዚስተር ሲሄድ −5 ይጠፋል፣ −5 ከጠፋ ቺፖቹ ይከተላሉ። ሜሞሪ ከመለወጥ በፊት ሦስቱን ቮልት መለካት፤ አለዚያ አዲሱም ሜሞሪ ይቃጠላል። ከኋላ ያለው መሰኪያ ላይ መብራት እያለ ምንም ነገር አይሰካ፣ አይነቀልም።

ምስሉን በአንቴና ገመድ ማየት አይመከርም። የእንግሊዝ ማሽኖች ድምፃቸውን ከምስሉ 6 ሜጋኸርዝ ርቀው ይልካሉ፤ ለአገራችን ስርጭት የተሠሩ የድሮ ቴሌቪዥኖች 5.5 ላይ ይጠብቃሉ፤ ምስል መጥቶ ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስፔክትረም ድምፁ ከውስጡ ስለሚወጣ ይህ አይነካውም፤ ሆኖም ለጥራቱ ሲባል ከሞጁሌተሩ (ምስሉን ወደ አንቴና ሞገድ ከሚቀይረው ሣጥን) መግቢያ ላይ ገመድ አውጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ቢጫ ቀዳዳ ማስገባት ይሻላል።

ፊደል

ሠላሳ ሦስት ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ 231። ኮሞዶር በአንድ ጊዜ 256 ቅርጽ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም ገብቶ 25 ቦታ ይተርፋል፦ ለአሥር ቁጥሮች፣ ለባዶ ቦታ፣ ለአራት ነጥብና ለነጠላ ሰረዝ ይበቃል። የሚቀሩት ዲቃላዎቹ፣ እነ ቋ እና ጓ ናቸው። እያንዳንዱ ቅርጽ 8 ባይት ነውና 231ዱ 1,848 ባይት ይወስዳሉ።

ችግሩ ቅርጹ ነው። ሜዳው 8 በ8 ነጥብ ነው፤ ሐ፣ ጠ እና ጨ ሦስት እግር አላቸው። በቢጫው ገመድ አንድ ነጥብ ስፋት ያለው እግር በቀለም ይደበዝዛል፣ ስለዚህ እግሩ ሁለት ነጥብ ይሁን ይባላል። ሦስት እግር በሁለት ስድስት፣ ሁለት ክፍተት በአንድ ሁለት፤ ስምንት ሞላ! ጠ ከጎረቤቱ ጋር ተጣበቀ ማለት ነው። መውጫው ከኮሞዶሩ የምስል መሰኪያ እግር 4ን ትቶ እግር 1ን ወደ ቢጫው ቀዳዳ መውሰድ ነው። ቀለም ይጠፋል፣ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ነጥብ እግር ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ሦስት እግርና ባለሁለት ነጥብ ክፍተቶች ሰባት ይሆናሉ፣ ስምንተኛው ለመተንፈሻ ይቀራል።

ስፔክትረም በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 96 ቅርጽ ብቻ ነው። ሦስት ስብስብ ሠርቶ አድራሻ 23606 እና 23607 ላይ እየቀያየሩ ማተም ይቻላል፤ 288 ስለሚሆን ሁሉም ይገባል፣ 2,304 ባይት ይበላል። ሲፒሲ 464 256ቱንም ያስለውጣል፤ ከ0 እስከ 31 ያሉትን ለማተም ግን እያንዳንዱ ፊት ቁጥር 1 መላክ አለበት።

ቢቢሲ ላይ ነው ክርክሩ የሚነሳው። ሊታተሙ የሚችሉት ከ32 እስከ 255 ያሉት ናቸው፣ 127 ማጥፊያ ስለሆነ ይወጣል፤ 223 ቀረ። 231 አይገባም። ሦስት ቤተሰብ ከተጣለ 210 ይሆንና ለባዶ ቦታ፣ ለቁጥሮችና ለሁለት ሥርዓተ ነጥብ በልኩ 13 ይተርፋል። እኛ የጣልነው ኀን፣ ዐን እና ፀን ነው። ሠን የነካ የለም፤ በ«ሠራ» እና በ«ሰራ» መካከል ያለውን ልዩነት የሚጠብቁ አንባቢዎች እዚህ አገር አሁንም አሉ።

ቢቢሲ ሞዴል ቢ፦ ይቀራል

ፊደል ቢጎድለውም የኮምፖዚት (የቢጫው ቀዳዳ) ምስሉ በተለምዶ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጽሑፉ ያለ ምንም ዘዴ ጥርት ይላል፤ ቁልፎቹም ከስድስቱ ምርጦቹ ናቸው። ፊደሉ ሞድ 4 ወይም ሞድ 6 በሚባሉት የስክሪን ዓይነቶች ላይ ይሠራል። ሞድ 7 ፊደሉን ከራሱ ቺፕ ስለሚያነብ አይለወጥም።

ከመሰካቱ በፊት ግን ኃይል ሰጪው ይከፈት። ውስጡ ሪፋ የተባሉ ቢጫ መስታወት የሚመስሉ ሁለት ካፓሲተሮች አሉ፣ 0.1 እና 0.01 ማይክሮፋራድ። ሽፋናቸው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የክረምት እርጥበት ይገባል፣ አንድ ቀን መብራት ሲያገኙ ፈንድተው ቤቱን በሚሸት ጭስ ይሞሉታል። «እስካሁን ደህና ነው» አይሠራም፤ ስንጥቅ ከታየ ይለወጥ፣ ባይታይም ይለወጥ። አዲሶቹ ኤክስ2 የተጻፈባቸውና 275 ቮልት ኤሲ የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ተራ ካፓሲተር እዚህ ቦታ አይገባም። ትልቁ ካፓሲተር ማሽኑ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል ካቻቢቴ ከመንካቱ በፊት በቴስተር ለክቶ ዜሮ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል።

ሲፒሲ 464 በአራተኛነት ገባ። ስክሪኑ ለኮምፒውተሩ 5 ቮልት ስለሚሰጥ አንድ ገመድ ብቻ ይሰካል፤ ቴፑ ከውስጡ ነው። የቴፑ ላስቲክ ቀበቶ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ስለሚሆን በአልኮልና በጥጥ ጠርጎ አዲስ መግጠም ግዴታ ነው። በክረምት ጠዋት ስክሪኑ ሲበራ ጣ! ጣ! የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አጥፉት፤ የሳሳ አየርና እርጥብ አቧራ ከፍተኛውን ቮልት ያሾልካሉ። የስክሪኑን ጀርባ ልምድ የሌለው አይክፈት።

አሚጋ 500 ከሁሉም የላቀ ማሽን ሆኖ ሳለ ይሄዳል። ሁሉ ነገሩ በዲስክ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዲስኮቹ ላይ ነጭ ሻጋታ አወጡ፣ የሻገተ ዲስክ ደግሞ ማንበቢያውን አቆሽሾ ቀጣዩን ደህና ዲስክ ይፍቃል። ዲስክ አንባቢውን በዩኤስቢ በሚሠራ ጎቴክ በሚባል መሣሪያ መተካት ይህን ይፈታዋል። ቀለም ለማየት ግን ወይ ኤ520 ሞጁሌተር ወይ ስካርት የሚባል መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን ይጠይቃል፤ ከራሱ ኮምፖዚት የሚወጣው ግራጫ ነው። ስለ ቀለሙ የሚወደድን ማሽን በግራጫ ማየት ያሳዝናል። ከመሰጠቱ በፊት ከሆዱ በኩል ያለው የኤ501 ሜሞሪ ተከፍቶ ባትሪው ተቆርጦ ይውጣ። አረንጓዴ ዝገት ካለ በአቼቶ በራሰ ጥጥ መጥረግ፣ ቀጥሎ በአልኮል ማጠብ፣ አንድ ቀን ማድረቅ።

አቀማመጥ ላይ ሁለት ነገር። የመንዝ ባና ለሰው እንጂ ለኮምፒውተር ልብስ አይሆንም፤ ጸጉሩ ይራገፋል፣ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ሲነካ ብልጭ ይላል። አቡጀዲ ይበቃል፣ ከመስኮት ፀሐይም ይራቅ፤ የደጋ ፀሐይ ፕላስቲኩን ቶሎ ያበልዘዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከመጋዘን ወደ ሞቀ ክፍል የሚገባ ማሽን ቦርዱ ላይ ላብ ያወጣል፤ በፌስታል እንደተጠቀለለ ሦስት ሰዓት ይቆይ፣ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቅር፣ ከዚያ ይሰካ።