340 ሺህ ብር የተጠየቅሁበት የጭስ ፊልትሮ በ16 ሺህ ብር ተሠራ

ስለ መኪናዬ ልጽፍ ተነሥቼ ስለ አንዲት የጎማ ቱቦ ልጽፍ ነው። የእጅ ጣት የማታክል ቱቦ ናት። በጀቴን ልታናጋብኝ ነበር።

መኪናዋ አውሮፓ አገልግላ የመጣች ናፍጣ ናት። በ2015 ገዛኋት። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ መድኃኒት ቤት አለኝ። ፍሬኗ፣ መሪዋ፣ የናፍጣ ፍጆታዋ ደህና ነው፤ እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። እንቅልፍ የነሳኝ ጭስ ማውጫዋ ነው።

ባለፈው ኅዳር ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ከዚያ ጉልበት አነሳት። ብረግጣትም እሺ አትልም። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቄ፣ 300 ኪሎ ሜትር ነድቼ፣ አዲስ አበባ የአስመጪው ጋራዥ አስገባኋት። ኮምፒውተር ሰክተው አዩዋት። ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሰጡኝ፤ አዲስ የጭስ ፊልትሮ (ጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት የሚይዘው ዕቃ) ከነሴንሰሩ 340 ሺህ ብር። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ዕቃው ሦስት ወር ይፈጃል።

«ታጥቦ አይሠራም?» አልኩት ሰውየውን።

«ይሄ አይታጠብም። ይቀየራል» አለኝ።

ይህቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደደረሰበት አውቃለሁ፤ የእኔም መድኃኒት እንደዚያው ነው። በዋጋው አልጣላም። ግን ወንድሜ፣ መኪናዋን ሳታነሳ፣ ሥሯ ሳትገባ፣ በኮምፒውተር ብቻ አይተህ እንዴት 340 ሺህ ብር ትለኛለህ?

«አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ነገሩ የተፈታልኝ ስመለስ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድኩ፤ ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ተያያዝኩት። ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ነበር። ማለፍ አይታሰብም። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣን። መጀመሪያ ትቆምብኛለች ብዬ ፈራሁ። ደጀን ልደርስ ስል ግን ጉልበቷ ተመለሰ። መብራቱም ጠፋ። ሻይ ልጠጣ ስቆም ማራገቢያው አልቆም አለ፤ ከሥሯ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። እስከ ማርቆስ ያለውን 70 ኪሎ ሜትር እንደ አዲስ መኪና ሄደች። ሦስት ሳምንት ከተማ ውስጥ ስነዳት ግን መብራቱ ተመልሶ መጣ።

ይህን ይዤ ማርቆስ ወዳለ አንድ መካኒክ ሄድኩ። ኤንትሬ በሚባለው የድሮ ጭነት መኪና ላይ እጃቸውን ያፍታቱ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የተባልኩትን ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «ዶክተር፣ አንተ በሽተኛ ሳትጠይቅ መድኃኒት ትሰጣለህ?» አሉኝ። «ኧረ አልሰጥም ጋሼ» አልኳቸው። «በል ና» ብለው መብራት ይዘው ሥሯ ገቡ።

ከፊልትሮው ፊትና ኋላ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። የጭሱን ግፊት ወደ ሴንሰሩ ያደርሳሉ። ኮምፒውተሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይቶ ፊልትሮው ምን ያህል እንደሞላ ይገምታል። የፊተኛዋን ቱቦ ጎንበስ አድርገው አሳዩኝ። ስትጎብጥ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተከፈተች፤ ስትቃና ተዘጋች። ዳርዳሯ ጥላሸት ለብሷል። በጥፍሬ ነካኋት፤ ጥፍሬ ገባ።

ዲፒኤፍ የሚባለው ይህ ፊልትሮ የናፍጣን ጥላሸት ይይዛል። በዳገት ወይም በረጅም መንገድ ጭሱ ሲግል ጥላሸቱ በራሱ ይቃጠላል። ያ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ረጭቶ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ አድርሶ ያቃጥለዋል። ቱቦዋ ተሰንጥቃ ሴንሰሩ የተሳሳተ ወሬ ሲያመጣለት ግን ማቃጠሉን ይተዋል። የእኔ መኪና ደግሞ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት መድኃኒት ቤት ነው ሥራዋ። ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል። እንግዲህ የደጀን ዳገት ነው ያዳናት።

አንድ ሌላ ጋራዥ «ቆርጠን እንጣለው፣ ባዶ ቱቦ እንበይደው፣ ኮምፒውተሩንም እናታልለው» ብሎኝ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። እኔ አላደረግኩትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 እ.ኤ.አ. አረጋግጦ መድቦታል። እሱስ ይቅር፤ እኔ የአስም መተንፈሻ የምሸጥ ሰው ነኝ። ልጇን አቅፋ እየሮጠች የምትመጣ እናት በየሳምንቱ አያለሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ የጭስ ማውጫው ቁመት ልክ የልጆቹ አፍንጫ ነው። ያንን ጥላሸት እዚያ ልረጨው አልችልም።

ስለዚህ ታጠበ። አዎ፣ «አይታጠብም» የተባለው ታጠበ። መካኒኩ ፈቱት፤ ከጎረቤት እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣነው። ለዚሁ የተሠራ ማጽጃ ሞልተውበት አደረ። በማግስቱ ከመውጫው በኩል ወደ ኋላ፣ በቀስታ ውኃ ለቀቁበት። ውስጡ ሴራሚክ ስለሆነ በኃይለኛ ግፊት ከታጠበ ይሰበራል። የወጣው ውኃ መጀመሪያ እንደ ቀለም ጠቆረ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ፣ በመጨረሻ ጠራ። ግራጫው አመድ ነው አሉኝ። ጥላሸት ይቃጠላል፤ አመዱ ግን እንደ ምድጃ አመድ ካልዛቁት አይወጣም። ሁለት ቀን ደርቆ ሲመዘን 300 ግራም ቀሎ ተገኘ።

አመዱ ከሞተር ዘይት ነው የሚመጣ። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ለጭነት መኪና የሚሆን ዘይት ነበር የማስሞላው። ፊልትሮ ላለው ናፍጣ አመዱ አነስተኛ የሆነ፣ ጀሪካኑ ላይ ሲ3 (C3) ወይም የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያዘዘው የሲ ቁጥር ያለበት መሆን አለበት። ደግሞ የዘይት መለኪያዋን እያወጣችሁ እዩ። ዘይቱ ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ካለ፣ ማቃጠሉ እየተጀመረ ሳያልቅ እየተቋረጠ ነው። የእኔ እንደዚያ ሸቶ ነበር፤ በጊዜ ባይቀየር ሞተሩን ይበላው ነበር።

ሒሳቡ ይኸው፦ ማጽጃ 5 ሺህ፣ ቱቦ 500፣ የእጅ 3 ሺህ 500፣ ዘይት 7 ሺህ። 16 ሺህ ብር።

ዘጠኝ ወር ሞላኝ። መብራቱ አንድም ቀን አልበራም። አሁን በ15 ቀን አንድ ጊዜ ወደ ደጀን መንገድ አወጣትና ከሁለት ሺህ ዙር በላይ ይዤ ሃያ ደቂቃ እነዳታለሁ። ሚኒሞው (ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ካለና ማራገቢያው ከጮኸ ጥላሸቱን እያቃጠለች ነው፤ ሳትጨርስ አላጠፋትም። ገጠር ስሄድ ገለባ ላይ አላቆማትም፤ ያን ጊዜ ሥሯ እሳት ነው፣ አውድማ ያቃጥላል።

በመግዛቴ አልጸጸትም። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን መያዝ ነው የሚያዋጣኝ። ፊልትሮው በእርግጥ የተሰነጠቀ ወይም የቀለጠ ቢሆን ኖሮ መቀየሩ ግድ ነበር፤ ጋሼም ይህን ነግረውኛል። ግን መጀመሪያ ቱቦዋ ትታይ።

አሮጌዋን ቱቦ አልጣልኳትም። መኪናዋ ኪስ ውስጥ ናት። ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ሾፌር እንደ እኔው ቢጫ መብራት በርቶበት አገኘሁት። አውጥቼ አጎብጬ አሳየሁት። እዚያው ተንበርክኮ የራሱን መፈለግ ጀመረ።