ገንዘቤን አስመለሰልኝ፣ አሠራሩን ግን አላሳረመም፦ ስለ አንድ የሸማቾች ቅሬታ መቀበያ አገልግሎት

አንድ ምግብ ቤት በልቼ፣ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ «የአገልግሎት ክፍያ» ሒሳቤ ላይ ተጨምሮ መጣ። አስተናጋጁን ስጠይቀው «የቤቱ አሠራር ነው» አለኝ። እርሱን አልተቀየምሁትም፤ ባልወሰነው ጉዳይ ደንበኛ ፊት ቆሞ እንዲመልስ የተፈረደበት ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁም ያንኑ ደገመልኝ። እኔን ያስቆጣኝ ዋጋ አይቶ ያዘዘ ሰው ሌላ ዋጋ የሚነገረው ከበላ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ምን ምርጫ ይኖረዋል?

ከፈልሁ፤ ዝርዝር ደረሰኝ ተቀበልሁ፤ የምግብ ዝርዝሩንም ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ሁሉንም ገጽ ማንሣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ «ግርጌው ላይ በትንሽ ፊደል ጽፈናል» ሲባሉ የሚያቀርቡት ማስረጃ አይኖርዎትም።

ከዚያ ቅሬታዬን ለሸማቾች ቅሬታ መቀበያ አገልግሎቱ አቀረብሁ። ቅጹ በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን በደንብ የታሰበበት ነው። በምግብ የታመመ ሰው በቀጥታ ወደ ጤና ተቆጣጣሪዎች እንዲሄድ ገና በመግቢያው ይናገራል። ትክክል ነው፤ የተጠረጠረው ምግብ ከተጣለ ወይም ወጥ ቤቱ ከጸዳ ምርመራው ዋጋ ያጣል። ከሁሉ በላይ የወደድሁት ግን «ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የደረሰበትን በደል በሰፊው ይጽፍና የሚፈልገውን ሳይናገር ይጨርሳል። እኔ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ክፍያ በደረሰኙ ላይ ተጨምሯል። ገንዘቡ ይመለስልኝ፤ ክፍያው የሚቀጥል ከሆነም ደንበኛ ከማዘዙ በፊት በሚያየው ቦታ ይጻፍ።» ስድብም ምሬትም አልጨመርሁበትም። ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ስልክ ሲደውሉልኝ ደረሰኙን መስመር በመስመር አንብበውት ነበር። እንዲህ ያለ ትጋት ሊመሰገን ይገባል።

ቀጥሎ የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። «ቅሬታዎን ከሰረዙ ገንዘቡን ዛሬውኑ እንመልሳለን» አሉኝ። የእኔን ገንዘብ በዝምታዬ ሊገዙበት መሆኑ ነው! እምቢ አልሁ፤ ያሉኝንም ለባለሙያዋ በጽሑፍ አሳወቅሁ። ገንዘቡ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተመለሰልኝ።

ቅር ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። «ጉዳዩ እልባት አግኝቷል፤ መዝገቡ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሁለተኛው ጥያቄዬስ? ስጠይቅ፣ ለአንድ ቅሬታ የሚመዘገበው አንድ ውጤት ብቻ ስለሆነ ገንዘብ ሲመለስ መዝገቡ እንደሚዘጋ፣ የአሠራሩ ጉዳይ ደግሞ እንደ አዲስ ጥቆማ መቅረብ እንዳለበት ተነገረኝ። ጥቆማ ያቀረበ ሰው ውጤቱ አይነገረውም። እንግዲህ ያ ቤት ለአንድ ተከራካሪ መልሶ፣ ዝም ካሉት ሁሉ መሰብሰቡን ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ነጋዴ ቅሬታ የሚያስከትልበት ኪሳራ ከቁጥር አይገባም።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1962 ለኮንግረሱ ባቀረቡት መልእክት አራት የሸማች መብቶችን ዘርዝረው ነበር፤ ደኅንነት፣ መረጃ ማግኘት፣ መምረጥና መደመጥ። የዓለም የሸማቾች መብት ቀን በዚያው ዕለት የሚከበረው ለዚህ ነው። የእኔ ቅሬታ ስለ ሁለተኛው መብት ነበር፤ ዋጋውን አስቀድሞ ስለ ማወቅ። አገልግሎቱ አዳመጠኝ፣ ገንዘቤንም አስመለሰልኝ፤ ከእኔ በኋላ ለሚገባው ደንበኛ ግን መረጃው ይድረሰው አይድረሰው አላጣራም።

ከአምስት ሦስት ነጥብ እሰጠዋለሁ። ነጻ ነው፣ ቅጹ ግልጽ ነው፣ ባለሙያዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ተጠቀሙበት። ገንዘብ ማስመለስንና አሠራር ማሳረምን ግን በሁለት የተለያዩ ቅጾች አቅርቡ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው አብሮ አይዘጋም። እኔም አዲሱን ጥቆማ ከነፎቶግራፎቹ አስገብቻለሁ፤ ውጤቱ እንዲነገረኝም በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።