የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተጠቃሚዎችን ለጥናት መለየት፦ ከፋርማሲ መዝገብ ወይስ ከሕሙማን ካርድ?

በጅማ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ለማጥናት የተነሣ ባለሙያ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ መረጃውን ከየት ይውሰድ የሚለው ነው።

በወጪና በጊዜ ረገድ የፋርማሲው መዝገብ ይቀላል፤ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ቫልፕሮኤት የተጻፈባቸውን መስመሮች መልቀም ይቻላል። ካርዱ ግን ከካርድ ክፍል መውጣት፣ የሐኪሙም የእጅ ጽሑፍ መነበብ አለበት፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ዋናው አደጋ በትርጉሙ ላይ ነው። መድኃኒቱን የወሰደ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ካርባማዜፒን ለፊት ነርቭ ሕመም፣ ቫልፕሮኤትም ለባይፖላር የስሜት መታወክና ማይግሬንን ለመከላከል ስለሚታዘዙ፣ በመድኃኒት ስም ብቻ የተሠራ ዝርዝር ሌሎች ሕሙማንን ይቀላቅላል። ካርዱ የታዘዘበትን ምክንያት ይናገራል፤ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የሚጥል በሽታ መለያ ጂ 40 ነው። ይሁንና ካርዱ መድኃኒቱ መታዘዙን እንጂ በታካሚው እጅ መግባቱን አያረጋግጥም። ከግል መድኃኒት ቤት የገዛውን ደግሞ የሆስፒታሉ ፋርማሲ አያውቀውም።

ምስጢር መጠበቅን በተመለከተ ልዩነት የለም፤ ሁለቱም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና በስም ፈንታ መለያ ቁጥር ይሻሉ።

የመድኃኒት ፍጆታን ለመገመት ወይም ታካሚው በየወሩ መመለሱን ለመከታተል መዝገቡ ይመረጣል። የሕክምናውን ውጤት ወይም ቫልፕሮኤት በእርግዝና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማጥናት ግን ካርዱን መተው አይቻልም። የካርድ ቁጥሩ በማዘዣው ላይ ከሰፈረ፣ በእኔ እምነት ከመዝገቡ ጀምሮ በናሙና የተመረጡ ካርዶችን ማመሳከር ይሻላል።