ለተማሪ ተመልካች፦ ማክቤዝ ወይስ ሐምሌት?

ለተማሪዎች ከምናሳያቸው ከእነዚህ ሁለት የሼክስፒር ተውኔቶች የትኛው ይሻላል? ሁለቱንም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሳቸው የጽሑፍ ችግር የለም። የሚለያቸው ርዝመታቸው ነው። በእንግሊዝኛው ማክቤዝ 2,100 ገደማ መስመር አለው፤ ሐምሌት ወደ 4,000 ይጠጋል። ለተማሪ ከ90 ደቂቃ በላይ ይከብዳል። ለዚህ ከማክቤዝ ሩቡን መቀነስ ይበቃል፤ ሐምሌት ግን ከግማሽ በላይ ይቆረጣል። የኖርዌዩን ልዑል ፎርቲንብራስን ማውጣት ቀላል ነው፤ ሐምሌት ለብቻው የሚናገርባቸው ቦታዎች አብረው ከተጎመዱ ግን አባቱን ለመበቀል ለምን እንደሚያመነታ ማንም አይገባውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሼክስፒርን ለሚያይ ተማሪ ማክቤዝ ይሻላል፤ ወጥመድ ግን አለው። ብዙ አዘጋጅ የሰካራሙን በረኛ ቀልድ "ለልጆች አይሆንም" ብሎ ይሰርዘዋል። ያ ትዕይንት እኮ ማክቤዝና ሚስቱ ንጉሡን ገድለው ከወጡ በኋላ እጃቸውን የሚታጠቡበትና የሌሊት ልብስ የሚለብሱበት ጊዜ ነው! ብልግናውን አውጡ፤ የበር ማንኳኳቱንና ሁለት ደቂቃውን ተዉ። ከመጋረጃው ጀርባ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ጥቁር ፎጣ ይቀመጥ። ደሙን ከስኳር ሽሮፕና ከቀይ የምግብ ቀለም ስትሠሩ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት፤ ከእጅም ከልብስም ቶሎ ይለቃል።

የትምህርት ቤት አዳራሽ በቀን አይጨልምም፤ መንፈስ በጠራራ ብርሃን ሲገባ ተማሪው ይስቃል። ማክቤዝ ያስገደለው የጓደኛው የባንኮ መንፈስ ቃል ስለማይተነፍስ ባዶ ወንበር ይተካዋል። የሐምሌት አባት መንፈስ ግን ረጅም ንግግር አለው፤ ድምፁን ብቻ ከአዳራሹ ኋላ ማሰማት ይሻላል።