ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ላላችሁ የኦቲዝም ልጆች ወላጆች

ይህን ስጽፍ ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ወጪ ወራጁን ያያል። ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል። ይህ ልጅ ግን 7 ወር ሙሉ በራሱ ፈቃድ ከበር አልወጣም ነበር።

ዕድሜው 8 ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ኮንዶሚኒየማችን ሥር ወፍጮ ቤት ተከፈተ። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። እየቆየ ወፍጮው ሳይነሳም መግባት ጀመረ። "ሊነሳ ነው" እያለ ይፈራል። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠበቅን። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጄ መሬት ላይ ሲንከባለል "ምነው አትይዢውም?" ተባልኩ። ስንገባ ደግሞ ባለሙያው አገጩን ጨምድዶ "ዓይኔን እየኝ!" አለው። ነከሰው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ "ደግ አደረግክ" ብያለሁ። ሌላ ቦታ "አሞላቅቃችሁት ነው" ብለው ብራችንን ተቀበሉ። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ከዚያ ነው ጓደኛዬ ይህችን ልጆች የምታክም ባለሙያ የጠቆመችኝ። በዕድሜ ታናሼ ናት። ቤት ድረስ መጣች። ገና ስትገባ አምባሮቿ ቅጭል ቅጭል አሉ፣ ልጄ ጆሮውን ያዘ። ምንም አላለችም። አንድ በአንድ አወለቀቻቸው፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አምፖሉን አስጠፋችኝ። መሬት ላይ ጎኗን ሰጥታው ተቀመጠች። አላየችውም፣ አልጠራችውም። የቀዳሁላት ቡና ቀዘቀዘ። ልጄ ከአልጋው ሥር በራሱ ወጣ። ስንት ሰው እየጎተተ የሚያወጣው ልጅ! በሳምንቱ ያለ አምባር፣ ያለ ሽቶ መጣች።

"ድምፁ የእውነት ያመዋል። ፍርሃቱን እናክማለን፣ ጆሮውን ግን አንቀይርም" አለችኝ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከ10 አራቱ ገደማ እንዲህ ያለ የጭንቀት ችግር እንዳለባቸውም ከእሷ ነው የሰማሁት። እኔ እኮ የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፣ "ምን በድለሽ ነው?" የሚለኝ ጎረቤት ግን ዛሬም አለ።

የሕክምናውን ስም አትጠይቁኝ፣ አይያዝልኝም። ያየሁትን ልንገራችሁ። በሩን፣ ደረጃውን፣ ወፍጮ ቤቱን በሥዕል ሠራችለት። ግንበኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መሸፈኛ ከመርካቶ ገዛን። አንድ ሳምንት በሩ ላይ ብቻ፣ ከዚያ ሦስት ደረጃ። ቀይ ካርቶን ከሰጣት በቃ ነው፣ ይመለሳሉ። ልመና የለም፣ ቁጣ የለም። ጤፍ ጆንያ ውስጥ እጁን እየከተተ ሲያበሽቀኝ እንኳ "ተዪው፣ ማረፊያው ነው" ብላ በሳፋ ለብቻው አስቀመጠችለት።

ዳነ አላልኩም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ገና አልደረስንም። ግን ይተኛል፣ ይበላል፣ ደረጃው ላይ ይቀመጣል።

እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ልጃችሁን ለዚህች ልጅ አሳዩ። ኧረ አሳዩ! ስልኳን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ካላነሳች መልእክት ተዉላት፣ ከልጆች ጋር ስትሆን ስልኳን ታጠፋለች።