የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ጥያቄ መጽሐፍ፦ ለአንድ መንፈቅ ዓመት ካስተማርኩበት በኋላ

ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የተዘጋጀ አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጄኔራል ሳይንስ የምርጫ ጥያቄ መጽሐፍ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። የገዛሁት አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት የመጻሕፍት መደብሮች በአንዱ ሲሆን ዋጋው 380 ብር ነበር። የመጽሐፉንም ሆነ የአዘጋጁን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጉድለቶች በመደብሮቹ ከተደረደሩት አጋዥ መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ ያየኋቸው ስለሆኑ አንዱን ብቻ ለይቶ መውቀስ ፍትሐዊ መስሎ አልታየኝም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን እንደሚፈለግ ግልጽ ነው። ቀድሞ በ7ኛ እና በ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተብለው ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት ትምህርቶች በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጄኔራል ሳይንስ በሚል አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቃልለዋል። በዚህ ምክንያት ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የተዉላቸው የጥያቄ ጥራዞች ለዛሬዎቹ ተማሪዎች በከፊል ብቻ የሚያገለግሉ ሆነዋል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ይህ መጽሐፍ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አስማምቶ በማዘጋጀቱ መምህሩ አንድ ምዕራፍ እንደጨረሰ ወዲያው ተገቢዎቹን ጥያቄዎች እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ድካም ይቀንሳል።

መጀመሪያ ያስደሰተኝን ላንሳ። ስለ ድብልቆች መለያ ዘዴዎች በቀረበው ክፍል ውስጥ ከአውድማ የመጣ፣ ገለባና ጠጠር የተቀላቀለበት ስንዴ የሚያነሳ ጥያቄ አለ። ጥያቄው የዘዴውን ስም አይጠይቅም፤ ገለባው ከፍሬው እንዲለይ የሚያደርገው የትኛው ባሕርይ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ሲሠሩ የሆነው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። የማበጠር የእንግሊዝኛ ስም የገባው ልጅ ከክፍሉ ውስጥ አንድም አልነበረም። እኔ ግን ቃሉን ሳልተረጉም እጆቼን ሰፌድ እንደያዘ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ሳንቀሳቅስ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «እ! ማበጠር ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ውይይቱን ማስቆም አልተቻለም። ገለባው ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፣ አቧራው ደቃቅ ስለሆነ በወንፊት ቀዳዳ ያልፋል፣ ጠጠሩ ደግሞ እፍጋቱ ስለሚበልጥ ሲንገዋለል ከፍሬው ተለይቶ ይከማቻል። ማበጠር፣ መንፋትና ማንገዋለል ሦስት የተለያዩ ባሕርያትን እንደሚጠቀሙ ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። ጥሩ ጥያቄ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን እውቀት ከሳይንሱ ጋር ያገናኝለታል።

ስለ መጠነ ቁስ (አንድ ነገር የያዘው የቁስ መጠን) እና ስለ ክብደት (ያ ነገር በስበት የሚሳብበት ኃይል) የቀረበውም ጥያቄ ከዚህ አይተናነስም። አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ ጨረቃ ቢወሰድ ምን እንደሚለወጥ ይጠይቃል። በገበያው «ክብደቱ ስንት ኪሎ ነው?» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች መለየት ይቸግረዋል፤ በዕለት ተዕለት አማርኛችን ክብደት የምንለው ሳይንሱ መጠነ ቁስ የሚለውን ነውና። ጤፉ በጨረቃም ላይ ያው 100 ኪሎ ግራም ነው። በምድር ላይ 980 ኒውተን ገደማ የነበረው ክብደቱ ግን ወደ 1/6ኛ ይወርዳል። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ሁለቱም ይቀንሳሉ የሚል በመሆኑ ግራ የተጋባው ተማሪ ወዲያው ይታወቃል።

በእኔ እምነት የምርጫ ጥያቄ ዋጋው ያለው በትክክለኛው መልስ ላይ ሳይሆን በተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ነው። ስለ ወባ የቀረበው ጥያቄ ይህን በደንብ ያሳያል። የበሽታው አምጪ ማን እንደሆነ ይጠይቅና ትንኝ፣ ቫይረስ፣ ባክቴሪያ እና ፕሮቶዞዋ የሚሉ ምርጫዎችን ያቀርባል። በዕለቱ ከነበሩት 34 ተማሪዎች 19ኙ ትንኝን መረጡ። ሴቷ አኖፌለስ ትንኝ አስተላላፊ እንጂ አምጪ አለመሆኗን፣ አምጪው ፕላዝሞዲየም የሚባለው ጥገኛ ፕሮቶዞዋ (ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ) መሆኑን ከዚያ ቀደም አስተምሬ ነበር፤ ሆኖም የክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልዩነቱን እንዳልያዘው ያወቅሁት ያ የተሳሳተ ምርጫ እዚያ ስለነበረ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱን ደግሜ አስተማርኩት። በትንኝ ፋንታ ማንም የማይመርጠው ቃል ቢቀመጥ ኖሮ ሁሉም ልጅ ያገኘው፣ እኔም ምንም ሳላውቅ የማልፈው ጥያቄ ይሆን ነበር።

መጽሐፉ በዚህ ደረጃ ቢዘልቅ ኖሮ ግምገማዬ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በጣም ያሳዘነኝ ግን ስለ ውሃ መፍያ ነጥብ የቀረበው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ይጠይቅና 0፣ 37፣ 90 እና 100 የሚሉ ምርጫዎችን ያስቀምጣል፤ የመልስ ቁልፉ 100 ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውሃ አፍልተን ነበር። ቴርሞሜትሩን አስቀድመን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትተን 0 ማሳየቱን አረጋገጥን፤ ውሃው ሲንተከተክም ንባቡ 92 ላይ ቆመ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፣ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በቆላው አካባቢ ከሚወስደው ጊዜ ይልቅ በደጋው ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጅበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ከተማሪዎቼ መካከል ንባቡን በደብተሯ ላይ በጥንቃቄ የመዘገበችው ልጅ ለጥያቄው 90ን መረጠች፤ ካየችው ቁጥር ጋር የሚቀራረበው እሱ ነበርና። የመልስ ቁልፉን ስታይ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትራችን ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለችኝ። ይህን የጠየቀችኝ ልጅ በዓይኗ ያየችውን፣ በእጇ የለካችውን ትታ በመጽሐፍ የታተመውን ልታምን ተዘጋጅታ ነበር፤ የሳይንስ ትምህርት ሊያጠፋው የሚገባውን ልማድ አንድ የሳይንስ ጥያቄ ሲያስተምራት ማየት ለአስተማሪ ከባድ ነው። «በባሕር ወለል ላይ» የሚሉ ሦስት ቃላት ቢጨመሩ ጥያቄው ትክክል ይሆን ነበር። ከዚያም አልፎ በአዲስ አበባ፣ በዳሎል እና በባሕር ወለል ላይ የሚፈላን ውሃ የሚያነጻጽር ጥያቄ ቢሆን እንዴት ያለ ጥያቄ በወጣው!

ሌላው ችግር የቋንቋው ነው። በአዲስ አበባ በእነዚህ ክፍሎች ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ መዘጋጀቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አዘጋጁ ጥያቄው ሳይንስን እየለካ እንደሆነ ወይስ ቋንቋን ቆም ብሎ ያሰበበት አይመስልም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ «ሰመር» የሚሆነው ለምን እንደሆነ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንውሰድ። ልጆቻችን ሰመርን በጋ ብለው ይተረጉሙታል። ይሁን እንጂ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሰመር የሚውለው እኛ ክረምት በምንልባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የእኛ በጋና ክረምት በዋናነት የሚለዩት በዝናብ እንጂ እንደ አውሮፓ በሙቀትና በቅዝቃዜ አይደለምና። ስለዚህ ልጁ ገና ጥያቄው ላይ ሳይደርስ ተሳስቷል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ «ምድር ለፀሐይ ስለምትቀርብ» የሚለውን ይመርጣሉ። የመልስ ቁልፉ የምድር ዛቢያ (ምድር የምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር) መዘንበል ነው በማለት በትክክል ይመልሳል፤ ማብራሪያ ግን የለውም። እኔ በክፍል ውስጥ ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነው፦ ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፣ ርቀቱም 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይበልጥ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን ያኔ ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በቅርበት ቢሆን ኖሮ በገና ሰሞን አውሮፓ በበረዶ ሊሸፈን አይገባም ነበር። ወቅቶቹን የሚያመጣው 23.5 ዲግሪ የሚሆነው የዛቢያው መዘንበል መሆኑን ያመኑት ይህን ከሰሙ በኋላ ነው። ይህ ማብራሪያ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁለት መስመር በላይ አይወስድም ነበር።

ጠቅላላ የመልስ ቁልፉም ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። መምህር ላለው ክፍል ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ብቻውን ቤት ውስጥ ለሚያጠና ልጅ ግን ስህተቱ ለምን ስህተት እንደሆነ የሚነግረው የለም። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለው ምርጫም ከመጠን በላይ ተደጋግሟል። ስለ ሰው አካል ሥርዓቶች በቀረቡት 40 ጥያቄዎች ውስጥ 9 ጊዜ ይገኛል፤ በ8ቱ ትክክለኛው መልስ እሱው ነው። ተማሪዎቼ ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም፤ ጥያቄውን ሳያነቡ «መ»ን ማጥቆር ጀመሩ።

ሕትመቱን በተመለከተ ጽሑፉ ይነበባል፣ ጥራዙም እስካሁን አልተገነጠለም። ሥዕሎቹ ግን ከሌላ ቦታ ተቀድተው የገቡ ይመስላሉ። የማይክሮስኮፑ ሥዕል ከመጥቆሩ የተነሣ የክፍሎቹ ጠቋሚ መስመሮች አይታዩም፤ ሆኖም ከሥሩ የተሰጡት አምስት ጥያቄዎች በሙሉ በእነዚያ መስመሮች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ራሴ ስዬ ነው ያሠራኋቸው።

መጽሐፉን በክፍሌ መጠቀሜን እቀጥላለሁ፤ ጥሩዎቹ ጥያቄዎች ስለሚበዙ ለሥራ ባልደረቦቼም አበድራለሁ። የማስተላልፍላቸው ግን የውሃውን መፍያ ነጥብና የወቅቶቹን ጥያቄ በእርሳስ ካስተካከልኩ፣ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውን ደግሞ በየቦታው በሌላ ምርጫ ከተካሁ በኋላ ነው። ለልጃቸው ሊገዙ ያሰቡ ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የማይክሮስኮፑን ገጽ ከፍተው መስመሮቹ መታየታቸውን ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ቅጂ ከሌላው የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። የመልስ ቁልፉ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለብቻው የታተመ ስለሆነ በመቀስ ቆርጦ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ልጁ መልሱን ከማየቱ በፊት የመረጠበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ቢደረግ ቁልፉ ያልያዘው ማብራሪያ ከልጁ ራሱ ይወጣል። በእኔ ክፍል ከጥር ጀምሮ እንዲህ እየሠራን ነው፤ «መ»ን በጭፍን ማጥቆሩም ቀርቷል።