ፍለተር ወይስ ኤክስፖ? ድሬዳዋ ላይ ለሚጀምር

ፍለተርና ኤክስፖ ሁለቱም በአንድ ኮድ የአንድሮይድና የአይፎን አፕ የሚያሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። ልዩነታቸው ገና ሲጫኑ በሚያመጡት ጣጣ ይታያል።

ዳታ፦ ፍለተር አንድሮይድ ኤስዲኬ (የአንድሮይድ አፕ መሥሪያ ጥቅል) ይፈልጋል፤ ከነአንድሮይድ ስቱዲዮ (ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ብዙ ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው ቢልድ (ኮዱን ወደ አፕ መቀየር) ላይ ግሬድል የተባለው የቢልድ መሣሪያም ይወርዳል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ጎዶሎ ፋይል ይቀርና ጥፋቱ የኮዱ ይመስላል። ኮዱን አትንኩት፤ የግሬድልን ካሽ (ያወረዳቸውን ፋይሎች ማስቀመጫ) አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱ። ለኤክስፖ መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ ኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ)፣ ስልክ ላይ ደግሞ ኤክስፖ ጎ (የምትሠሩትን አፕ መሞከሪያ) ይበቃል።

ስህተት ፍለጋ፦ እዚህ ላይ ፍለተር ይሻለኛል። ፍለተር ዶክተር የተባለው ትእዛዝ የጎደለውን ሁሉ፣ ያልተቀበላችሁትን ላይሰንስ ሳይቀር፣ ይነግራችኋል። የኤክስፖ ራስ ምታት ኔትወርክ ነው፦ ላፕቶፑና ስልኩ አንድ ዋይፋይ ላይ ሆነውም አንዳንድ የካፌ ራውተር አያገናኛቸውም። ያኔ የስልክ ሆትስፖት ክፈቱ፣ ካልሆነም ተነል (ሁለቱን በኢንተርኔት በኩል የሚያገናኝ የኤክስፖ አማራጭ) ተጠቀሙ።

ሙቀት፦ በድሬ ቀትር ኢሙሌተር (ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ) ማስነሳት ላፕቶፑን መጥበስ ነው። በፍለተርም በኤክስፖም ስልካችሁ ላይ ሞክሩ።

ከዚራ ሰፈር ካፌ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ ለሚማር ኤክስፖ ይቀላል። ኤክስፖ ጎ ውስጥ የሌለ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ካስፈለገ ግን የራስን ቢልድ መሥራት አይቀርም። ራሙ በቂ የሆነ ላፕቶፕና ቤቱ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያለው ፍለተርን ይያዝ፤ ለአይፎን ቢልድ ግን ማክ መፈለጉን ከወዲሁ ይወቅ።